አቡነ ኤዎስጣቴዎስ፤ ከሰራዬ እስከ አርመን

ከሀገር ወጥቶ ቅዱሳት መካናትን መሳለም በኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ዘንድ እጅግ የቈየ ልማድ ነው። አባቶቻችን ስንቃቸውን በአቁማዳ ቋጥረው፥ መቋሚያቸውን ተመርኵዘው፥ የኖባን በረሃ አቋርጠው ምስር ይገቡ ነበር፤ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ዘልቀው የጌታን መቃብር ተሳልመው የሚመለሱት ይመለሳሉ፥ የማይመለሱትም በየመንገዱና በየገዳሙ ተቀብረው ይቀራሉ። የብዙዎቹ ስም አልተጻፈም። ስማቸው ከተጻፈላቸው መካከል ግን እንደ አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ርቀው የሄዱ፥ ርቀውም የቀሩ ጥቂቶች ናቸው። የእኒህ አባት አወጣጥ ከሌሎቹ ተሳላሚዎች ይለያል። ሌሎቹ በሰላም ተሰናብተው ሲወጡ እርሳቸው ከሀገራቸው የወጡት በክርክር ምክንያት ነው፤ ወደ ቅዱሳቱ ሀገር የሄዱትም በረከት ለመቀበል ብቻ ሳይሆን ስለ ያዙት ሥርዓት ምስክር ለመፈለግ ጭምር ነበር። ስለዚህ ሕይወታቸውን ስንተርክ የመንገዱን ርዝመት ከመቍጠር ይልቅ በልባቸው ይዘውት የሄዱትን ነገር ማስተዋል ይገባናል።

አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በ1265 ዓ.ም. ገደማ በትግራይ ተወለዱ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በእኛ በኢትዮጵያውያን አቈጣጠር ናቸው።) አባታቸው ክርስቶስ ሞዐ፥ እናታቸው ሥነ ሕይወት ይባሉ ነበር፤ ለልጃቸውም ማዕቀበ እግዚእ የሚል ስም አወጡለት። ብላቴናው ለትምህርት በደረሰ ጊዜ በገርዓልታ የደብረ ማርያም አበምኔት ለነበሩት ለአጎቱ ለአባ ዳንኤል ተሰጠ። የገርዓልታን ገደል ያየ ሰው ይህ ትምህርት ቤት ምን ዓይነት እንደ ነበረ ይገባዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ከዐለት የተፈለፈለ ነው፤ ወደ እርሱ የሚወጣውም በእጅና በእግር ተይዞ ነው። በዚያ ከፍታ ላይ ንባቡንና ዜማውን፥ የገዳሙንም ሥርዓት ተማረ፤ ልብሰ ምንኵስናም ለብሶ ኤዎስጣቴዎስ ተባለ። ከጥንት ጀምሮ በመነኮሳት ዘንድ የተወደደውን የሰማዕቱን የኤዎስጣቴዎስን ስም መውሰዱ ነው። ሰማዕቱ ሀብቱን፥ ሚስቱንና ልጆቹን አጥቶ በባዕድ ሀገር የተንከራተተ ሰው ነበር፤ ስም የሚያወጡ አባቶች የሚመጣውን አያውቁም ይባላል፥ እዚህ ላይ ግን ያወቁ ይመስላል።

ከዚህ በኋላ አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ከገርዓልታ ተነሥተው ወደ ሰሜን ሄዱና ዛሬ በኤርትራ ውስጥ በሚገኘው በሰራዬ ተቀመጡ። በዚያ ደብረ ሰራቢ በተባለው ስፍራ ደቀ መዛሙርት ተሰበሰቡላቸው። ሰራዬ በዚያን ዘመን ወደ ምጽዋ ወደብ በሚያወጣው ንግድ አጠገብ ያለ ሀገር ነበረ፤ ከነጋዴው ዕቃም አንዱ ሰው ነበር። ጻድቁ አባት ክርስቲያን ክርስቲያንን መሸጡን አጥብቀው ይገሥጹ እንደ ነበር፥ ከዐመፀኛ ሹም እጅም መባ አንቀበልም ይሉ እንደ ነበር በገድላቸው ተጽፏል። መባ የማይቀበል መነኵሴ ለሹማምንት የሚያስቸግር ሰው ነው፤ በምን ይያዛል? ገዳማቸውም በእጅ ሥራ የሚኖር፥ ከቤተ መንግሥት ርስትና ጉልት የማይለምን ማኅበር ሆነ። ኋላ መከራው ሲመጣ ሳይበተን የቈየው አንድም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

መከራውን ያመጣው ግን የባሪያ ንግድ ነገር ሳይሆን የሰንበት ነገር ነው። ነገሩን ለዛሬ አንባቢ ገልጦ መናገር ያስፈልጋል፤ ዛሬ ቅዳሜንም እሑድንም ሰንበት ብለን ስንጠራ ስለዚህ ስም ሰው ከሀገሩ ተሰዶ ነበር ብሎ የሚያስብ የለምና። ኢትዮጵያውያን ከጥንት ጀምሮ ቀዳሚት ሰንበትን ከሰንበተ ክርስቲያን ጋር ያከብሩ ነበር። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ግን ቀዳሚትን ማክበር ወደ አይሁድ ሥርዓት መመለስ እንዳይሆን ትፈራ ነበር፤ ከዚያ እየተሾሙ የሚመጡት ጳጳሳትም ይህንኑ ያስተምሩ ነበር። ቤተ መንግሥቱና ከጳጳሱ ጋር የነበሩት ካህናት ወደ እስክንድርያ ትምህርት አዘነበሉ። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ግን ዐሥሩ ትእዛዛት አልተሻሩም፥ ሐዋርያትም በሲኖዶስ መጽሐፋቸው ሁለቱንም ሰንበታት አክብሩ ብለው አዘዋል በማለት ጸኑ። በዚህም ብቻ አልቀረም፤ ቀዳሚትን ከማያከብሩት ጋር በአንድ መቅደስ መቀደስን አቆሙ።

እዚህ ላይ ነገሩ ከበደ። በዚያን ዘመን ለኢትዮጵያ አንድ ጳጳስ ብቻ ነበረ፤ እርሱም ግብጻዊ ነበረ። ክህነት የሚገኘው ከእርሱ እጅ ብቻ ነው። ይህም ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት በመሠረቱ ሳይለወጥ ኖሯል። እንግዲህ ከጳጳሱ የተለየ ገዳም ዲያቆን አይሾምለትም፥ ቄስም አይሾምለትም፤ ያሉት ካህናት ሲያልቁ ቅዳሴው ይታጐላል። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ይህን ሳያውቁ አልጸኑም። በትእዛዝ ልጸና ያለ ሰው ቍርባን ሊያጣ ነው፤ ቍርባን ላለማጣት ያለ ሰው ትእዛዙን ሊተው ነው። በሁለቱ መካከል የቆመን ሰው ልበ ደንዳና ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፥ የቆመበትን ስፍራ መቆም ግን ቀላል አይደለም። እርሳቸውም የጳጳሱን ነገር ከጳጳሱ በላይ ወዳለው ወደ እስክንድርያ ፓትርያርክ ይዘው ለመሄድ ቈረጡ። በ1330 ዓ.ም. ገደማ፥ ዐፄ ዐምደ ጽዮን በነገሡበት ዘመን፥ ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፎ ሳለ፥ ደብረ ሰራቢን ለደቀ መዝሙራቸው ለአባ አብሳዲ ትተው፥ ከደቀ መዛሙርቱ አንዳንዶቹን አስከትለው ወጡ።

መንገዱ በቦጎስ በኩል ወደ ኖባ ነበረ። ኖባ ማለት ዛሬ ሱዳን የምንለው ሀገር ነው። በስድስተኛው መቶ ዓመት ወንጌልን ተቀብሎ፥ በአባይ ዳር ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሠርቶ፥ ግድግዳቸውን በቅዱሳን ሥዕል አስጊጦ የኖረ የክርስቲያን መንግሥት ነበር። መንገደኞቹ በደረሱበት ዘመን ግን ይህ መንግሥት ወደ ማለቁ ቀርቦ ነበር፤ በዶንጎላ የነበረው የነገሥታቱ አዳራሽ በ1309 ዓ.ም. መስጊድ እንደ ሆነ በዚያው ቤት የተገኘው የድንጋይ ጽሑፍ ያስረዳል። ለቅዱሳት መካናት የወጣ መነኵሴ መጀመሪያ ያገኘው እንግዲህ ጠባቂ ሊያጣ የተቃረበ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዘመናችን ከእነዚያ አብያተ ክርስቲያናት አንዳንዶቹ ከአሸዋ ውስጥ ተቈፍረው ወጥተዋል፤ ከፋራስ ካቴድራል የተነሡትን ሥዕሎች የሚያይ ኢትዮጵያዊ በዐይኖቹ አሣሣል የራሱን ሀገር ሥዕል ያስባል።

ከኖባ ወደ ግብጽ ወረዱ። ለኢትዮጵያዊ መነኵሴ ግብጽ ባዕድ ሀገር ናት ማለት አይቻልም። የምንኵስናው ሐረግ ሲቈጠር ከአባ እንጦንስ ይጀምራል፥ በአባ መቃርስና በአባ ጳኵሚስ ይወርዳል፤ ቆቡን የለበሰ ሁሉ የዚያ በረሃ ልጅ ነው። የአስቄጥስ በረሃ፥ አረቦች ዋዲ ናጥሩን የሚሉት፥ የአባ መቃርስ ገዳም እስከ ዛሬ የቆመበት ስፍራ ነው። ወደዚህች ምድር የገባ መነኵሴ ሲነበብለት የኖረውን የአበውን ዜና በዐይኑ ያያል።

ነገር ግን አባቶቹ ባሉበት ቤት ለኤዎስጣቴዎስ ዕረፍት አልተገኘም። በፓትርያርኩ በአባ ብንያሚን ፊት ቀርበው ሳለ ከሳሾቻቸው ግብጻውያን አልነበሩም፤ በዚያ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ቀዳሚትን ስላላከበርን ከእኛ ጋር ጸሎትና ቍርባን አቋርጧል ብለው ከሰሷቸው። እርሳቸውም ከትእዛዛቱና ከሐዋርያት ቀኖና ጠቅሰው መለሱ፤ በሀገሬ ዕረፍት ብነፈግ ስለ እግዚአብሔር ቃል ልሞት ወደዚህ መጣሁ የሚል ነበር የንግግራቸው ፍሬ። የእስክንድርያ ልማድ ግን በዚህ ክርክር አልተለወጠም።

ብዙ ሰዎች ይህን ታሪክ ሲተርኩ ፓትርያርኩን እንደ ክፉ ሰው ያደርጓቸዋል፤ እኔ በዚህ አልተባበርም። አባ ብንያሚን 82ኛው ፓትርያርክ ናቸው፤ የተሾሙት በ1319 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1313 ዓ.ም.፥ በካይሮና በሌሎችም ከተሞች ብዙ አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ወቅት ፈርሰው ነበር። ሕዝባቸው በግብርና በውርደት የተጨነቀ፥ ካህናታቸው የፈራ ነበረ። የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን የሚጠብቅ አባት ከሩቅ ሀገር የመጣ መነኵሴ ስለ ሰንበት ሲከራከር ቢሰማ ጉዳዩ ከሁሉ የበለጠ መስሎ ላይታየው ይችላል። አቡነ ኤዎስጣቴዎስም በበኩላቸው ፓትርያርኩን አልረገሙም፥ ሌላ መንበርም አላቆሙም። ፍርድ ባያገኙም ከአባታቸው ቤት በር ወጥተው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከግብጽ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። በዚያ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት አስቀድሞ ነበሩ፤ ዐፄ ይግባ ጽዮን በ1282 ዓ.ም. ገደማ ለኢየሩሳሌም ማኅበር ደብዳቤ ልከው እንደ ነበር ይታወቃል። ጻድቁም ጎልጎታንና መቃብሩን፥ ቅዱሳቱንም መካናት ተሳለሙ።

እኔ በምኖርበት በኮልፌ በ18 ማዞሪያ አካባቢ በየጊዜው ለትንሣኤ በዓል ኢየሩሳሌምን ተሳልመው የሚመለሱ ምእመናን አሉ። ጧፍና የዮርዳኖስን ውሃ ይዘው ሲመጡ ጎረቤቱ በእልልታ ይቀበላቸዋል። ስለ በረራው፥ ስለ ማደሪያው፥ ስለ ሕዝቡ ግፊያ ይጠየቃሉ፤ ከዴር ሱልጣን ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ስለሚኖሩት መነኮሳቶቻችን ድካም ግን የሚጠይቃቸው አልፎ አልፎ ነው። ይህን የምለው ልነቅፋቸው አይደለም፤ በጥቂት ሰዓት የሚደረስበት ስፍራ ጥያቄውንም አጭር ያደርገዋል። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ከሰራዬ ተነሥተው በእግር ኢየሩሳሌም እስኪደርሱ ድረስ ግን የያዙት ጥያቄ በየደረሱበት ይመረመር ነበር። በኖባ ቤተ ክርስቲያን እንደምትሞት አዩ፤ በምስር አባትና ልጅ በአንድ ሃይማኖት ሳሉ በአንድ ሥርዓት ላይስማሙ እንደሚችሉ አዩ፤ በኢየሩሳሌም ደግሞ ሁሉም በየቋንቋው በአንድ መቃብር ዙሪያ ሲጸልይ አዩ። ከነዚያም አንዱ የአርመን ሕዝብ ነበረ፤ አርመኖች በኢየሩሳሌም በቅዱስ ያዕቆብ ገዳማቸው ከጥንት ጀምሮ ይኖራሉና።

ወደ ሀገራቸው መመለስ አልወደዱም ወይም አልተቻላቸውም፤ ከኢየሩሳሌም በቆጵሮስ በኩል አድርገው ወደ አርመን ሀገር ተሻገሩ። በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ የሚሣለው የዚህ መሻገር ታሪክ ነው። ጻድቁ ዐጽፋቸውን በባሕሩ ላይ ዘርግተው፥ በመስቀል አማትበው፥ መላእክት እየመሩላቸው ከደቀ መዛሙርታቸው ጋር ማዕበሉን ሲሻገሩ ይታያሉ። ሥዕሉን ያየ ሕፃን ሁሉ የሚያስታውሰው ዐጽፉን ነው። ያረጀ መነኵሴ ከዐጽፉ በቀር ሌላ ሀብት እንዳልነበረውም ሥዕሉ ሳይናገር ይናገራል። ቆጵሮስ ሐዋርያው በርናባስ ተወልዶ በሰማዕትነት የዐረፈባት ደሴት ናት፤ በዚያን ጊዜ ግን ከፈረንጅ ወገን የሆኑ ነገሥታት ይገዟት ነበር፤ ግሪኮች፥ ሶርያውያን፥ አርመኖች፥ ላቲኖች በወደቧ በፋማጉስታ እየተገፋፉ አብያተ ክርስቲያናት ይሠሩባት ነበር።

አርመን ስንል ዛሬ ያለውን የአርመንያን ሪፐብሊክ ብቻ ማሰብ አይገባም። በዚያን ዘመን የአርመን መንግሥት ከሜዲትራንያን ባሕር ዳር በኪልቅያ፥ የቅዱስ ጳውሎስ የትውልድ ከተማ ጠርሴስ ባለችበት ሀገር ነበረ፤ ካቶሊኮሱም ከ1285 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሲስ ከተማ ይቀመጥ ነበር። የጻድቁ ጉዞ ያበቃው ወደዚህ ሀገር እንደ ሆነ የታሪክ ሊቃውንት ያስረዳሉ። የአርመን ቤተ ክርስቲያን ከእኛ ጋር አንድ ሃይማኖት ያላት፥ የኒቅያን፥ የቍስጥንጥንያንና የኤፌሶንን ጉባኤያት ተቀብላ የኬልቄዶንን ያልተቀበለች እኅት ቤተ ክርስቲያን ናት። የአርመን ፓትርያርክም እንግዳውን በክብር ተቀበሉ። በሀገሩ የተገፋ፥ በአባቱ ቤትም ዕረፍት ያላገኘ መነኵሴ ቋንቋውን በማያውቀው ሕዝብ መካከል ማረፊያ አገኘ። ያም ሕዝብ ራሱ ዕረፍት አልነበረውም፤ ከደቡብ የግብጽ ሠራዊት ይወጋው፥ ከምዕራብ የሮም መልእክተኞች ወደ እነርሱ ሃይማኖት ይስቡት ነበር። ሲስም በ1367 ዓ.ም. ወደቀች፤ ከዚያ ወዲህ ለአርመን በኪልቅያ ንጉሥ አልተገኘላትም።

ይህን የአርመኖችን እንግዳ ተቀባይነት ኢትዮጵያ ሳታውቀው መልሳለች ብል አልሳሳትም። ልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በተሳለሙ ጊዜ በአርመን ገዳም ከእልቂቱ የተረፉ የሙት ልጆች አገኙ፤ ከነዚያም አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጥተው የማርሽ ባንድ አቋቋሙባቸው። አርባ ልጆች እየተባሉ የሚጠሩት እነርሱ ናቸው። በ1957 ዓ.ም.ም የኦርየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት አባቶች በአዲስ አበባ በተሰበሰቡ ጊዜ የኤችሚያዚን ካቶሊኮስ ብቻ ሳይሆኑ የኪልቅያውም ካቶሊኮስ፥ ማለት የጥንቱ የሲስ መንበር ወራሽ፥ ተገኝተው ነበር።

አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ከሀገራቸው ከወጡ በኋላ ዐሥራ አራት ዓመት ያህል በስደት ኖረው መስከረም 18 ቀን 1345 ዓ.ም. በአርመን ሀገር ዐረፉ፥ በዚያም ተቀበሩ። ያረፉት ታላቁ ቸነፈር ግብጽን፥ ሶርያንና ቆጵሮስን ጨርሶ ካለፈ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው። ክርክራቸው በማን በኩል እንደሚፈረድ አላወቁም፤ የሰራዬን ምድርም ዳግመኛ አላዩም።

የመጡበትን መንገድ ተመልሰው የሄዱት ደቀ መዛሙርቱ ናቸው። አባ ባኪሞስ፥ አባ መርቆሬዎስና አባ ገብረ ኢየሱስ የአባታቸውን ዜና ይዘው ኢትዮጵያ ገቡ። አባ ገብረ ኢየሱስ ወደ እንፍራዝ ዘልቀው ደብረ ሳንን መሠረቱ። በሀገር የቀሩት አባ አብሳዲ ደግሞ በቆሓይን ደብረ ማርያምን አቀኑ፤ ከነርሱም ትውልድ የሆኑት አባ ፊልጶስ ምጽዋን ቍልቍል በሚያየው ተራራ ላይ ደብረ ቢዘንን ገደሙ። ጳጳሳቱ ክህነት ስለ ከለከሏቸው ማኅበሩ በብዙ ችግር ይኖር ነበር፤ ይሁን እንጂ ገዳማቱ ይበዙ ጀመር እንጂ አላነሱም። በ1392 ዓ.ም. ዐፄ ዳዊት አባ ፊልጶስን ከነደቀ መዛሙርታቸው ወደ ጉባኤ አስጠሩ፤ ጳጳሱም አቡነ በርተሎሜዎስ ነበሩ። አባ ፊልጶስ ሐሳባቸውን አልለወጡምና ታሰሩ። በ1396 ዓ.ም. ግን ንጉሡ ፈቷቸው፤ ማኅበራቸውም ሁለቱን ሰንበታት እንዲያከብር ፈቀዱ።

ነገሩ የተፈጸመው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። ንጉሡ በ1442 ዓ.ም. በተጉለት በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አደረጉ። የኤዎስጣቴዎስ ልጆች ለብዙ ዘመን ከተለዩት ካህናት ጋር ተገናኙ፤ ከእስክንድርያ የመጡት ሁለቱ ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤልም ቀዳሚት ሰንበት እንደ እሑድ እንድትከበር ተስማሙ፤ የኤዎስጣቴዎስም ልጆች ከጳጳሳቱ እጅ ክህነት ለመቀበል ተስማሙ። ጻድቁ ካረፉ 97 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ከዚህ ጉባኤ ስምንት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በኢየሩሳሌም ላሉት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት አንድ መጽሐፍ ልከው ነበር። መጽሐፉ አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በምስር በፓትርያርኩ ፊት የጠቀሱት ያው የሐዋርያት ሲኖዶስ ነው፤ ዛሬም በሮም በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ይገኛል።